የሰፍያ ማስረጃ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆምከውም ግባ፤ ካፊያው ትከሻህን አራሰው እኮ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ምን ወሬ አለው አትበሉኝ። በዛሬ ጊዜ ሰው ባሕር የሚሻገረው በወረቀት ነው። ተቀመጡ፣ ጀመርኩ።

ነሐሴ ስምንት ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቡታጅራ ውስጥ ከበርበሬ ተራ ጀርባ ካለ ግቢ ጩኸት ተሰማ። የጮኸችው ሰፍያ ናት፤ የበርበሬ ነጋዴው የሸምሶ ልጅ። ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ጭቃውን እየዘለለ ሲደርስ፣ ሰፍያ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አጠገብ ተንበርክካ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች።

"ዲግሪዬ!" ትላለች። "ኦርጅናሉ የለም! ዲግሪዬን ወሰዱት!"

ሰፍያ ጉብሬ አጠገብ ካለው ዩኒቨርሲቲ በምግብ ሳይንስ ተመርቃ፣ ማሌዥያ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትማር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ነበር። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ኦርጅናሉን አዲስ አበባ ወስዳ፣ ጀርባው ላይ የማረጋገጫ ማህተም አስመትታ፣ እስከ ነሐሴ ሃያ መላክ። ነሐሴ ሃያ ካለፈ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ያን ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ልትሳፈር ነው ወደ ሳጥኑ የሄደችው። ስትደርስ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ጓጉንቸሩን የሚይዘው ብረት ግን ተፈልቅቆ ተንጠልጥሏል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር ውድነሽ ደረሰች። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ያገለገለች፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምትሰማ ሴት ናት። አብሯት ሳጅን ዘመድኩን አለ። እሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ አፉ ከሆዱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

"ምን ልታጠኚ ነበር የምትሄጂው?" አለ ሳጅኑ ማስታወሻውን ከፍቶ።

"የቆጮ አቦካክን።"

"ቆጮ ለመማር ማሌዥያ! እናቴ ጓሮ ወስዳ በነጻ ታስተምርሽ የለ?"

"ሳጅን" አለች ውድነሽ።

"ዝም ብያለሁ።"

ሰፍያ እያለቀሰችም ዝም አላለችውም። "እናትህ የምታውቀውን ዓለም እንዲያውቀው ነው የምሄደው" አለችው። ዘመድኩን ማስታወሻው ላይ አቀረቀረ።

ውድነሽ ሳጥኑን ተመለከተች። ፓስፖርቱ አለ። የእናትየዋ የወርቅ ጉትቻ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አለ። ወረቀቶቹ የሚቀመጡበት ሰማያዊ ፋይል ከላይ ተጋድሟል፤ አዝራሩም ተቆልፏል።

"ፋይሉን አንቺ ነሽ የዘጋሽው?"

"አይ። እንዲሁ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። ስከፍተው ዲግሪው ብቻ የለም።"

"ሌባ ብረት ፈልቅቆ፣ ወርቅ ትቶ፣ ወረቀት ወስዶ፣ ከዚያ አዝራር ይቆልፋል?" አለች ውድነሽ ለራሷ ያህል። "ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?"

"ሰኞ።"

የሰፍያ እናት ፈቲሀ ከበሩ በኩል ተናገረች፤ "ትናንት ማታ ሳጥኑ ላይ የታጠበ ልብስ አጥፌ ደርድሬበታለሁ። ደህና ነበር፣ ብረቱም አልተነካም።"

"የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

"አንዱ አንገቷ ላይ ነው። አንዱ እዚያ ምስማር ላይ፣ ከጓዳው ቁልፍ ጋር።"

"የውጭው በርስ?"

"ሸምሶ ገና ሳይነጋ ለሱብሒ ሶላት ሲወጣ ገርበብ አድርጎት ይሄዳል። እዚህ ሰፈር ማን ምን ይወስዳል ብለን፣ ወላሂ!"

በዚህ መሐል ሸምሶ ራሱ ገባ። ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። አርባ ዓመት በርበሬ ሲነግድ ጣቶቹ ቀልተው ቀርተዋል፤ ሳሙና የማያስለቅቀው ቅላት ነው። ሰላምታ ሰጠና ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ ሸሸት አደረገ።

"ኢንስፔክተር፣ ወረቀቱን መቼ ነው የምትሰጡን?"

"የቱን ወረቀት ጋሽ ሸምሶ?"

"ዲግሪው ጠፍቷል የሚለውን፣ የፖሊሱን። እሱ ካለ ዩኒቨርሲቲው ምትክ ይሰጣል አሉ።"

"መጀመሪያ ሌባውን እንፈልግ እንጂ።"

"ሌባው ይቅርብኝ። አላህ ልብ ይስጠው። ወረቀቱን ብቻ።"

"አየሽው" አለ ዘመድኩን ሲወጡ፣ "ዘንድሮ እንዲህ ያለ የዋህ ሰው ይገኛል? ማስረጃ የጠፋበት ሰው ማስረጃውን ለማግኘት ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ እኛ ደግሞ ማስረጃ ለመስጠት ማስረጃ እንፈልጋለን። በዚህ ቋንቋ እንዴት አላበድንም?"

ውድነሽ አልሳቀችም። "ከጠፋው ዕቃ ማን ይጠቀማል?" አለች።

እሱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ለማሌዥያው ዕድል ተጠባባቂ አንደኛ ሆኖ የተመዘገበው ሙባሪክ የሚባል የሰፍያ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ቤቱም እዚያው ቡታጅራ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሸምሶ ቤት መጥቶ "መልካም መንገድ" ብሏት ሄዷል።

*

ዘመድኩን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙባሪክን ይዞት መጣ። ልጁ ረጅም ነው፤ ወንበሩ አጥሮበት ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካ።

"ሰፍያ ከቀረች አንተ እንደምትሄድ ታውቃለህ?" አለችው ውድነሽ።

"አውቃለሁ። አንደኛ ተጠባባቂ ነኝ።"

"እና?"

"እናማ ተጠባባቂ የሚጠብቅ ነው እንጂ የሚሰርቅ አይደለም።"

"ረቡዕ ማታ ከሸምሶ ቤት ወጥተህ የት ሄድክ?"

"ቤቴ።"

"እናትህ ወይዘሮ ሃፊዛ ግን ቤት አላደረም ብለዋል። ቢሮ ሥራ በዝቶበት እዚያው አደረ ነው ያሉን። የየትኛው ቢሮ ሠራተኛ ነህ?"

ሙባሪክ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጉልበቱ መሐል ደበቀው። ውድነሽ ግን አይታው ነበር። የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግራጫ ነገር ገብቷል።

"ንገረኝ። ብትነግረኝ ይቀልሃል።"

"ዲግሪዋን አልወሰድኩም። ሌላ የምለው የለኝም።"

ሦስቴ ጠየቀችው፤ ሦስቴም መልሱ ያው ነው። ደስ ሳይላት ማረፊያ ክፍል አስገባችው። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ከጣቢያው ወጣ። ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ "ሙባሪክ የሰፍያን ዲግሪ ሰርቆ ተያዘ" ይል ነበር። አንዳንዱማ ዲግሪው ኪሱ ውስጥ ተገኘ ብሎ ጨመረበት።

ዓርብ ጠዋት ውድነሽ ጣቢያው ስትደርስ ተረኛው ፖሊስ በክዳን የተሸፈነ ሰሃን ይዞ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሲሄድ አገኘችው።

"ከእናቱ ነው?"

"አይ፣ ከሸምሶ ቤት ነው። ትናንትም እራት ልኳል። የልጁ ነገር አንጀቴን በላው ነው የሚለው።"

"ዘረፈው ለተባለ ሰው ገንፎ?" አለ ዘመድኩን። "በቅቤ! እኔም ልሰርቀው ነው።"

ውድነሽ ያገሩን ደግነት ታውቃለች፤ ስለዚህ ነገሩን በደግነት ተረጎመችው። ግን ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆራት። ያን ቀን በሙሉ ሰው አነጋገረች። የሱብሒ ሰጋጆችን ጠየቀች፤ እንግዳ ሰው ያየ የለም። ጎረቤቶችን ጠየቀች፤ ውሻ የጮኸ የለም። ማታ ላይ ሰፍያን ለብቻዋ አስቀምጣ፣ "ሌላ የተቀየመሽ ሰው የለም?" አለቻት።

"ሽባባው የሚባል አለ፤ ወልቂጤ። የውጭ አገር ትምህርት ጉዳይ አስጨርሳለሁ እያለ ቢሮ ከፍቷል። እኔ ራሴ ኢንተርኔት ላይ ሞልቼ ዕድሉን ሳገኝ፣ 'ያለ እኔ አውሮፕላን ካየሽ ስሜን ቀይሪው' ብሎኛል።"

"ሙባሪክንስ ትጠረጥሪዋለሽ?"

"ማመልከቻዬን ስሞላ እንግሊዝኛዬን ያረመልኝ እሱ ነው" አለች። "ራሱ ተወዳዳሪዬ ሆኖ። እንዲህ ያለ ሰው ይሰርቀኛል? ግን እሱ ካልሆነ ማን ነው? እብድ ልሆን ነው፣ እትዬ።"

*

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወልቂጤ ሲነሱ ውድነሽ መኪናውን ከከተማው መውጫ፣ አንድ የሚገነባ ሕንጻ አጠገብ አስቆመችው።

"እዚህ ምን አለን?" አለ ዘመድኩን።

"ግራጫ ጣት።"

የግንበኞቹ አለቃ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የሙባሪክን ስም ሲሰማ ተነሳ።

"የት ጠፋብኝ ብዬ ነበር! ሲሚንቶ የሚያቦካልኝ እሱ ነው። ረቡዕ ማታ ሲሚንቶ ስለገባ ከዘበኛው ጋር እዚሁ አደረ። ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አካፋ ጨብጦ ነበር። ታመመ እንዴ?"

"የተማረ መሆኑን ታውቃለህ?" አለችው ውድነሽ።

"ዲግሪ አለው አሉ። ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስምሎኛል። እናቱ ቢሮ የገባ ነው የሚመስላቸው።"

ዘበኛውም ያንኑ አለ። ውድነሽ እዚያው ቆማ ጣቢያ ደወለችና ሙባሪክ አሁኑኑ እንዲለቀቅ አዘዘች። ዘመድኩን አንገቱን አከከ። ልጁን እየጎተተ ያመጣው እሱ ነውና።

"ሁለት ሌሊት" አለ ቀስ ብሎ።

"ሁለት ሌሊት" አለች እሷም።

የሽባባው ቢሮ ወልቂጤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ አምስት አውሮፕላን ተለጥፏል፤ አንዱም ያልወደቀው በፕላስተር ኃይል ነው። ሽባባው ክራቫቱን እያስተካከለ ተቀበላቸው።

"የሰው ዲግሪ ምን ያደርግልኛል ኢንስፔክተር? እኔ የምሸጠው ተስፋ ነው።"

"ተስፋ ይሸጣል?"

"በቅናሽ።"

"ረቡዕ ማታ የት ነበርክ?"

"ጉንችሬ፣ ለቅሶ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይመሰክርልኛል። ሐሙስ ከሰዓት ነው የተመለስነው። ደግሞስ ከልጅቷ ቤት ጋር ጠብ የለኝም። አባትየው ራሱ ማክሰኞ እዚሁ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ነበር።"

ውድነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። "ሸምሶ? ወልቂጤ?"

"በርበሬ ለደንበኛ አምጥቶ ነው። ሊቆጣኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት በርቶ፣ ከጎረቤት ከሲና ሱቅ ወጥቶ መጣ። አንድ ነገር አሳየኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩበት።"

"ምን አሳየህ?"

"ሲናን ይጠይቋት። እኔ ብናገር እንደገና መሳቄ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ከዚህ ሲወጣ እያለቀሰ ነበር።"

የሲና ሱቅ አንድ ሰው ገብቶ ሁለተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ፎቶ ኮፒ፣ የጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽን። አንድ የጋለ ማሽን መታወቂያ እየዋጠ በላስቲክ አልብሶ ይተፋል። ሲና ገና ስለ ሸምሶ ስትጠየቅ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታዋ ጠፋ።

"ጣታቸው ቀይ የሆነው አባት? እንዴት እረሳቸዋለሁ! የልጃቸውን ዲግሪ ይዘው መጡ። ወረፋ ለቆመው ሁሉ እያሳዩ፣ 'የኔ ናት፣ የኔ ልጅ ናት' ይላሉ። ላስቲክ አልብሺልኝ አሉኝ።"

"አለበስሽው?"

"አባባ፣ ኦርጅናል አይለበስም፣ በኋላ ማህተም ይመታበታል አልኳቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለቴ። 'ማሌዥያ ዝናብ ይበዛል አሉ፤ እንዳይርስባት' አሉኝ። ምን ልበል? ተለመንኩ፣ አለበስኩት። ወረቀቱ ጥግ ላይ አውራ ጣታቸው አርፎ ነበር፣ ከነበርበሬው። ልጥረግልዎ ስላቸው ግድ የለም አሉ። ላስቲኩ ከላይ ያዘው፤ ቀይ ሆኖ እዚያው ቀረ።"

ዘመድኩን ወደ ውድነሽ ዞረ። ውድነሽ ማሽኑን እያየች ነበር።

"ሞኝ ነኝ" አለች። "ሳጥኑ የተሰበረው ሐሙስ ንጋት ነው። ዲግሪውም ያኔ የወጣ መሰለኝ። ዲግሪው ግን ማክሰኞ በቁልፍ ተከፍቶ፣ በሥርዓት ወጥቷል። ፋይሉም በሥርዓት ተዘግቷል። ሐሙስ የተሰበረው ባዶ ሳጥን ነው።"

ሽባባው ቢሮ ተመልሳ ገባች። "ሸምሶን ከሳቅክበት በኋላ ምን አልከው?"

"ያው እውነቱን ነዋ! ማህተም በላስቲክ ላይ አይመታም፣ ዲግሪው ሞቷል አልኩት። የተበላሸ አይለወጥም፤ የጠፋ ግን በፖሊስ ወረቀት ይለወጣል አልኩት።"

"ማን ነገረህ የተበላሸ አይለወጥም ብሎ?"

ሽባባው ክራቫቱን አላላ። "እንዲያው... ሁሉም ሰው የሚለው ነው።"

*

ሸምሶ ከበርበሬ ጆንያዎቹ መሐል ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በርበሬ ይቀነጥሳል። ውድነሽ ገብታ ከፊቱ አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሁለቴ አስነጠሳት። እሱ ሳቅ ሊል ፈልጎ ፊቷን አየና ተወው።

"ጋሽ ሸምሶ፣ ወረቀቱን ልጽፍልዎ ነው የመጣሁት። ግን ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ጠፋ ብለሽ ነዋ ልጄ።"

"ወልቂጤ ነበርኩ። ሲና ሰላም ብላዎታለች።"

ሸምሶ እጁ ላይ የነበረውን በርበሬ አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ከመጨረሻው ጆንያ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጉልበቷ ላይ አኖረላት። ዲግሪው ነው፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። ከሥሩ፣ ከሰፍያ ስም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ ላስቲኩ ውስጥ ተይዟል።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ የፈረምኩት በዚህ ጣት ነው። በልጄ ዲግሪ ላይ ግን መፈረም አልነበረብኝም። ዝናብ እንዳይነካባት ብዬ ነው የገደልኩት። አበላሸሁብሽ ብዬ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ጠፋ ከተባለ ፖሊስ ወረቀት ይሰጣል፣ እሷም ትሄዳለች፣ ማንም አይጎዳም አልኩ። ከሱብሒ ስመለስ ሁሉም ተኝቷል። ሳጥኑን ፈለቀቅኩት።"

"ማንም አይጎዳም አሉ።"

"ሙባሪክን ስትይዙት አንጀቴ ተቆረጠ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ምግብ እልካለሁ። ልጁ በላ?"

"ጠዋት ተፈቷል። እኔ ፈትቼዋለሁ፤ ከተማው ግን አልፈታውም።"

ሸምሶ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ከጀርባቸው ድምፅ ተሰማ። ሰፍያ በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደደረሰች ያወቀ የለም። ገብታ ዲግሪውን ከውድነሽ ጉልበት ላይ አነሳችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጣቷን በቀዩ አሻራ ላይ አሳለፈች።

"አባ፣ ብትነግረኝ ምን ልልህ ነበር?" አለች። "እቆጣ ነበር። አንድ ቀን እቆጣህ ነበር፣ በቃ! ለዚህ ብለህ ሙባሪክን ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አስተኛኸው?"

"አጠፋሁ።"

"እኔን አይደለም ይቅርታ የምትጠይቀው።"

"አውቃለሁ" አለ ሸምሶ። "አውቃለሁ ልጄ።"

ሰፍያ ዲግሪውን ደግማ አየችው። "ማሌዥያ ዝናብ ይበዛል ያለህ ደግሞ ማን ነው?"

"ሬዲዮ።"

እዚህ ላይ ዘመድኩን መቻል አቅቶት ፈነዳ። ሰፍያም እያለቀሰች ሳቀች። ሸምሶ ብቻ አልሳቀም።

"በሐሰት ማመልከት በሕግ ያስጠይቃል" አለች ውድነሽ ተነስታ። "ቃልዎን እቀበላለሁ፣ ለዐቃቤ ሕግም እልካለሁ። ጠፋ ብዬ አልጽፍም። የምጽፈው የሆነውን ነው፤ አባት ባለማወቅ ላስቲክ አለበሰው ብዬ። ከዚህ በላይ ልረዳችሁ አልችልም።"

"የሆነውን ብትጽፊ ሽባባው እንዳለው..." አለ ሸምሶ።

"ሽባባው ሬጅስትራር አይደለም። ሰኞ ሄዳችሁ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።"

*

ሰኞ አባትና ልጅ ጉብሬ ሄዱ። በሬጅስትራር መስኮት ያለችው ሴት የውድነሽን ደብዳቤ አነበበች፤ ዲግሪውን አገላበጠች፤ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ሸምሶን አየችው።

"የተበላሸውን ትመልሳላችሁ፣ ምትኩን ትወስዳላችሁ። ቅጹ ይኸው። ሐሙስ ኑ።"

"ይኸው ነው?" አለ ሸምሶ።

"ሌላ ምን ፈለጉ አባባ? ለዚህ ሳጥን ይሰበራል?"

ሰፍያ ከማስረከቧ በፊት በስልኳ የቀዩን አሻራ ፎቶ አነሳች። ሐሙስ አዲሱ ዲግሪ ወጣ። ሸምሶ በእጁ አልነካውም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰፍያ ዘርግታ ስታሳየው አየ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሰው ጫማውን እየፈለገ ሳለ ሸምሶ የመስጊዱ ደረጃ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ወንድሞቼ፣ አንድ ጊዜ! የልጄን ዲግሪ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑንም የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሙባሪክ እጁ የለበትም። ስሙን ያነሳ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የኔን ስም ያንሳ።"

ጫማ የሚፈልግ ሁሉ መፈለጉን ተወ። እንደ ሸምሶ ያለ፣ ገበያው ሙሉ 'ጋሼ' የሚለው ሰው በአደባባይ ራሱን ሲያዋርድ አይተው አያውቁምና። ከዚያ ሦስት ሽማግሌ ይዞ ወደ ሃፊዛ ቤት ሄደ። ሙባሪክ ከሥራ ተጠርቶ፣ ሱሪው ሲሚንቶ እንደነካው መጣ። ሸምሶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊይዝ ሲል ሙባሪክ ቀድሞ ትከሻውን ያዘው።

"ተው ጋሼ። ገንፎው ጥሩ ነበር።"

ሃፊዛ ግን የልጇን ሱሪ እያየች ነበር። "ቢሮ ነው የምውለው አላልከኝም እንዴ?"

"መቼ ዋሸሁሽ እማ? ቢሮ ነው። ገና እየሠራሁት ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሃፊዛ አልሳቀችም፤ እጁን ስባ ስንጥቁን አየች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቅቤ ይዛ ወጣችና ሰው ሁሉ እያየ ጣቱን ታሽለት ጀመር። ከዚያን ቀን በኋላ ምሳውን ራሷ ሕንጻው ድረስ ታደርስለታለች።

ሰኞ፣ ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ፣ ሰፍያ አዲስ አበባ ላይ ማህተሟን አስመታች፤ ያንኑ ቀን ላከችው። ከመስከረም በኋላ ሄደች። የሸምሶን ጥፋት ዐቃቤ ሕጉ በከባድ ማስጠንቀቂያ አለፈው ይላሉ። ሰፍያ ከማሌዥያ በየሳምንቱ ትደውላለች። እዚያ ያለ መምህሯ ቆጮ ቀምሶ ዓይኑ ፈጠጠ ብላ እናቷን አስቃለች። ሙባሪክም ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ እየሞላ ነው፤ እንግሊዝኛውን በስልክ የምታርመው ሰፍያ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ሳይሽር ቀርቷል። ባለፈው ወር ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ ሙባሪክ ሲያልፍ አንዱ ለሌላው፣ "ያ ዲግሪ ሰርቆ ታስሮ የነበረው አይደል?" ሲለው ሰማሁ። ክፋት የለውም ሰውየው። መታሰሩ ባንድ ከሰዓት ከተማውን አዳረሰ፤ መፈታቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በእግሩ እየሄደ ነው። እናንተ፣ የኔ ልጆች፣ ነገ ገበያ ትወጣላችሁ፣ መኪና ትሳፈራላችሁ፣ የልጁም ስም ይነሳ ይሆናል። ያን ጊዜ እባካችሁ፣ መፈታቱን አስታውሱልኝ።